ይህ መልክ የማን ነው? የሮማ የብር ዲናር ደረጃ በደረጃ ማንበቢያ

ዲናር የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከወንጌል ነው። ባለ ወይኑ ሠራተኞቹን በቀን አንድ ዲናር ተስማምቶ ቀጠራቸው። ለቄሣር ግብር መስጠት ይገባል ወይ ብለው ጌታን ሲፈትኑትም ያመጡለት ዲናር ነበር። እሱም መልኩ የማን ነው፣ ጽሕፈቱስ የማን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልብ በሉ፤ የጠየቀው ስለ ሁለት ነገር ነው። ስለ መልክ እና ስለ ጽሕፈት። የሮማን የብር ሳንቲም ስታነቡ እነዚህን ሁለቱን ማገናኘት ከቻላችሁ፣ ከባዱ ሥራ አለቀ።

ብዙ ሰው ዲናር ሲያሳዩት ጭንቅላቱን አይቶ «ቄሣር ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ጀርባውን አያገላብጠውም። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው። ልጆች ሆነን ሳንቲም ወርውረን «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» እንባባል ነበር። የሮማ ሳንቲምም የራሱ ዘውድና ጎፈር አለው። እኔ ሁለቱን ገጾች እንደ ሰዋስው ነው የማያቸው። ፊቱ ባለቤቱ ነው፤ ጀርባው ማሰሪያ አንቀጹ። ፊቱ «እገሌ» ይላል። ጀርባው «ይህን አደረገ» ወይም «ይህን አመጣላችሁ» ይላል። አንዱን ብቻ ካነበባችሁ ዓረፍተ ነገሩ ሳይታሰር ይቀራል።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር፣ የወርቅ ሠሪ ዓይነት ስስ ሚዛን፣ ማስመሪያ እና ከጎን የሚበራ መብራት ያስፈልጋችኋል። የስልክ መብራት ይበቃል። ብርሃኑን ከላይ ሳይሆን ከጎን አምጡት፤ ያን ጊዜ የደበዘዘው ፊደል ጥላ ጥሎ ይነሳል።

ሳንቲሙ ከሌላችሁም ችግር የለም። እንዲያውም በፎቶ መጀመር ይሻላል። የአሜሪካ የኑሚስማቲክስ (የሳንቲም ጥናት) ማኅበር የንጉሠ ነገሥታቱን ዘመን ሳንቲሞች በሙሉ በኢንተርኔት ዘርዝሮ፣ ብዙዎቹን ከነፎቶ፣ በነፃ አስቀምጧል። ማውጫው ኦክሬ ይባላል። ለንደን ያላችሁ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 68 ግቡ። የገንዘብ ታሪክ ክፍሉ እሱ ነው፤ መግቢያም አይከፈልበትም።

ደረጃ 1፦ ሥዕሉን ሳታዩ መዝኑት

ሥዕል ዓይን ይስባል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ብረቱን ጨርሱ። ሚዛኑ ስለ ዘመኑ ብዙ ይነግራችኋል።

ዲናር የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 አካባቢ ነው። ሮማ ከሃኒባል ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ 4.5 ግራም ያህል ይመዝናሉ። ስሙ «ባለ አሥር» ማለት ነው፤ አንዱ ዲናር አሥር የነሐስ አስ ይመነዘር ነበር። ለዚህ ነው በጥንቶቹ ላይ ከጭንቅላቱ ጀርባ ኤክስ የምታዩት። የሮማ ቁጥር አሥር ነው። በኋላ ምንዛሪው ወደ አሥራ ስድስት አስ ተቀየረ፤ ስሙ ግን እንዳለ ቀረ።

በአውግስጦስ ጊዜ ክብደቱ ወደ 3.9 ግራም ነበር፤ ብሩም ከመቶ 98 እጅ ገደማ ንጹሕ ነው። ኔሮ በ64 ክብደቱንም ንጽሕናውንም ቀነሰ። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት እየቆነጠሩ ቀጠሉ። በሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ ዘመን፣ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ብሩ ወደ ግማሽ ወርዶ ነበር። ዋናው ምክንያት ወታደሩ ነው። ደመወዙ ይጨመርለታል፤ ካዝናው ግን አይሞላም። የሴቬሩስ ልጅ ካራካላ በ215 ትልቅ ሳንቲም አወጣ። ዛሬ አንቶኒኒያኑስ ይባላል። በዋጋ ሁለት ዲናር ያህል ነው ተብሎ ይታመናል፤ ውስጡ ያለው ብር ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነበር። በ270 አካባቢ ውስጡ ያለው ብር ከመቶ አምስት እጅ በታች ሆነ። መዳብ ነው፤ ላዩ ብቻ ትንሽ ይነጣል።

ስለዚህ የያዛችሁት ከ18 እስከ 20 ሚሊሜትር ስፋት ኖሮት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢመዝን ዲናር ነው ብላችሁ ጀምሩ። ሰፋ ብሎ ወደ 5 ግራም የሚጠጋና ንጉሡ ባለ ጨረር አክሊል ከሆነ አንቶኒኒያኑስ ነው። ጠርዙ እንደ መጋዝ ተሸርሽሮ ካያችሁት አትደንግጡ። በሪፐብሊኩ ዘመን፣ ማለትም ከንጉሠ ነገሥታቱ በፊት፣ አውቀው እንዲህ የሚሠሯቸው ነበሩ። ጀርመኖች እነዚህን አሮጌና የታወቁ ሳንቲሞች ከአዲሶቹ አስበልጠው ይወዷቸው እንደነበር የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ጽፏል። ሰው ድሮም ብሩን ያውቅ ነበር።

ደረጃ 2፦ ጭንቅላቱን እዩ፣ ግን ስም አትስጡት

እዚህ ላይ የሚቸኩል ይሳሳታል። የንጉሡን ስም ለመገመት ከመሞከር ይልቅ አራት ነገር ብቻ መዝግቡ።

አንደኛ፣ ራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው? የሎረል ቅጠል ጉንጉን ከሆነ ዲናር ነው። ጨረር ከሆነ አንቶኒኒያኑስ። በከበረ ድንጋይ ያጌጠ መጠምጠሚያ ከሆነ ከታላቁ ቆስጠንጢኖስ ወዲህ ነው። የራስ ቁር ያደረገች ሴት ከሆነች ደግሞ ምናልባት የከተማዪቱ አምሳል፣ ሮማ ራሷ ናት፤ ያኔ የምታዩት የሪፐብሊኩን ዘመን ሳንቲም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ጢም አለው? እስከ ትራጃን ያሉት ነገሥታት ባብዛኛው የተላጩ ናቸው። ሀድሪያን በ117 ሲነግሥ ጢሙን አሳድጎ መጣ። ከሱ በኋላ ጢም ለረጅም ጊዜ ልማድ ሆነ።

ሦስተኛ፣ ሴት ከሆነች ፀጉሯን ተመልከቱ። የሮማ እቴጌዎች የፀጉር አሠራር ከፊታቸው በላይ ይለያያል። ትልቋ ፋውስቲና ሹሩባዋን አናቷ ላይ ጠቅልላ ታስረዋለች። የሴፕቲሚየስ ሴቬሩስ ሚስት ዩሊያ ዶምና ደግሞ ጆሮዋን የሸፈነ ከባድና ሞገዳማ ፀጉር አላት። ከሴቲቱ ደረት በታች ጨረቃ ካለ፣ እሱ የአንቶኒኒያኑስ ምልክት ነው።

አራተኛ፣ ዕድሜውን ገምቱ። ልጅ ነው፣ ጎልማሳ ነው፣ ሸምግሏል?

ደረጃ 3፦ ጽሕፈቱን አንብቡ

ጽሑፉ በንጉሠ ነገሥታቱ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከታች በስተግራ ይጀምርና እንደ ሰዓት ዘንግ ይዞራል። በቃልና በቃል መሀል ክፍተት እምብዛም የለም። ሁሉም በአኅጽሮት ነው። «ዩ» የሚባል ፊደል የላቸውም፤ በቦታው ቪ ይጽፋሉ። «ጄ»ም የለም፤ አይ ይጽፋሉ። ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ተፈታ።

መጀመሪያ ማዕረጎቹን ለዩና አስወግዱ። ሁሉም ነገሥታት የሚጋሯቸው ስለሆኑ ማንነት አይነግሯችሁም። አይ-ኤም-ፒ «ኢምፔራቶር» ነው፤ የጦር አዛዥ፣ በኋላም ንጉሠ ነገሥት። ሲ-ኤ-ኢ-ኤስ «ቄሣር» ነው። ኤ-ቪ-ጂ «አውግስጦስ» ነው፤ ክቡር ማለት ነው። ፒ-ኤም ሊቀ ካህናት። ፒ-ፒ የአገር አባት። እነዚህን ስታወጡ የሚቀረው ስም ነው።

ስሙ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንቶኒኖስ የሚለውን ስም አንቶኒኖስ ፒዮስ፣ ማርቆስ አውሬልዮስ፣ ካራካላ እና ኤላጋባሉስ ሁሉም ተጠቅመውበታል። ደረጃ 2 ላይ የመዘገባችሁት ጢምና ዕድሜ የሚጠቅመው እዚህ ነው። ረጋ ያለ ባለ ጢም ሽማግሌ ከሆነ ፒዮስ ነው። ግንባሩን ቋጥሮ የሚያፈጥ ጎልማሳ ከሆነ ካራካላ ነው።

ቀጥሎ ዓመቱ። ቲ-አር-ፒ የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን ነው፤ በየዓመቱ ይታደሳል። አጠገቡ የሮማ ቁጥር ካለ ንጉሡ ሥልጣኑን ለስንተኛ ጊዜ እንዳደሰው ይነግራችኋል፤ ከዝርዝር ጋር አመሳክራችሁ ሳንቲሙን በአንድ ዓመት ውስጥ ልታስገቡት ትችላላችሁ። ሲ-ኦ-ኤስ ደግሞ ቆንስል ነው፤ የሮማ ከፍተኛ ሹመት። ይህ በየዓመቱ ስለማይለወጥ ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጣል።

ዲ-አይ-ቪ-ቪ-ኤስ ወይም ለሴት ዲ-አይ-ቪ-ኤ የሚል ካገኛችሁ ሰውየው ሞቷል ማለት ነው። ከሞተ በኋላ ከአማልክት ተቆጥሯል። እንዲህ ባለው ሳንቲም ጀርባ ንስር ታያላችሁ፤ ለእቴጌ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጣዎስ።

ደረጃ 4፦ አገላብጡት

አሁን ማሰሪያ አንቀጹ ጋ ደረስን። እዚህ ጊዜ ውሰዱ።

በዲናር ጀርባ ላይ በጣም ብዙ ጊዜ የምታገኙት አንዲት የቆመች ወይም የተቀመጠች ሴት ናት። ሰው አይደለችም። ሐሳብ ናት። ሰላም፣ ዕድል፣ እኩልነት፣ ጤና በሴት አምሳል ተሥለዋል። የምትለዩዋቸው እጃቸው ላይ በያዙት ነው። ቅዱሳንን በሥዕል የምንለይ ሰዎች ይህ አይከብደንም። ጊዮርጊስን በፈረሱና በዘንዶው፣ ተክለ ሃይማኖትን በክንፋቸውና በአንድ እግራቸው እናውቃቸው የለ? የሮማ ሰውም እንዲሁ ያነብ ነበር።

የወይራ ዝንጣፊ የያዘችው ሰላም ናት፤ ፓክስ። ክንፍ ኖሯት ጉንጉንና ዘንባባ የያዘችው ድል፤ ቪክቶሪያ። የመርከብ መሪ በአንድ እጇ፣ ፍሬ የሞላበት ቀንድ በሌላው የያዘችው ዕድል፤ ፎርቱና። በጻሕል እባብ የምትመግበው ጤና፤ ሳሉስ። አበባ ይዛ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ ያደረገችው ተስፋ፤ ስፔስ። የእህል ዛላ ይዛ አጠገቧ ቁና ያለው አኖና ናት፤ የከተማው ቀለብ። ቁናውን ስታዩ ከግብፅና ከሰሜን አፍሪካ እህል የጫኑ መርከቦች ሮማ መድረሳቸውን አስቡ። ንጉሡ «አትራቡም» እያለ ነው።

ሚዛን የያዘችው ላይ ተጠንቀቁ። እኩልነት፣ ማለትም ኤኲታስ፣ ልትሆን ትችላለች። የገንዘብ ማተሚያው አምሳል፣ ሞኔታም ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም ሚዛንና ቀንድ ይይዛሉ፤ የሚለያቸው ዙሪያቸው ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። የሮማ ገንዘብ ማተሚያ የነበረው በካፒቶል ኮረብታ፣ በዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ ዘንድ ነው። እንግሊዞች ገንዘብን የሚጠሩበት ቃል የመጣው ከዚህች ስም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ጀርባ ወሬ ነጋሪ ነው። አንድ ነገር ተፈጽሟል፤ ሳንቲሙ ያበሥራል። የወደፊቱ አውግስጦስ ግብፅን በያዘ ጊዜ አዞ አሳተመና «ግብፅ ተያዘች» አስባለ። ቬስፓሲያን ልጁ ቲቶ በ70 ኢየሩሳሌምን ሲያፈርስ ከድል ምልክት ሥር ተቀምጣ የምታዝን ሴት አሳተመ፤ ከሥሯ «ይሁዳ» ይላል። ይህችን ሳንቲም በእጄ ብይዛት እጄ የሚከብደኝ ይመስለኛል። የአንድ ሕዝብ ልቅሶ እንጀራ መግዣ ሆኖ በየገበያው ዞረ።

ከሁሉም የምወዳቸው የሀድሪያን የጉዞ ሳንቲሞች ናቸው። ግዛቱን ዞሮ ጨረሰና አገሮቹን በየስማቸው አሳተማቸው። አፍሪካ የዝሆን ራስ እንደ ቆብ ደፍታ፣ ጊንጥ ይዛ ጋደም ብላለች። እዚህ ላይ አፍሪካ ማለት አህጉሩ አይደለም፤ የዛሬዋ ቱኒዚያ አካባቢ የነበረው የሮማ ክፍለ ግዛት ነው። ግብፅ ደግሞ እግሯ ሥር አይቢስ የተባለችው ወፍ ቆማ፣ በእጇ ጸናጽል ይዛለች። አዎ፣ ጸናጽል። ዛሬም ደብተራው ማሕሌት ላይ የሚያንሿሿት ዓይነት። አጉልታችሁ እዩት፤ ያለ አስተርጓሚ ታውቁታላችሁ።

ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ካላነበባችሁ ፈጽሞ የማይገባችሁ ዲናር ደግሞ የብሩተስ ነው። ዩሊየስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 መጀመሪያ፣ በሕይወት እያለ፣ የራሱን መልክ በሮማ ሳንቲም ላይ አሳተመ። ከዚያ በፊት ሮማ ውስጥ የሚታተመው የአማልክትና የሞቱ አባቶች መልክ ነበር። ሰው «ይሄ ሊነግሥ ነው» አለ። መጋቢት 15 ቀን ገደሉት። ከሁለት ዓመት በኋላ ከገዳዮቹ አንዱ ብሩተስ፣ ለጦሩ ደመወዝ ዲናር ሲያትም ጀርባው ላይ ሁለት ጩቤ አደረገ። በመሀላቸው ነፃ የወጣ ባሪያ የሚደፋት ቆብ አለች። ከሥሩ የግድያው ቀን፣ «የመጋቢት አጋማሽ»፣ ተጽፏል። ጀርባው «ነፃ አወጣኋችሁ» ይላል። አሁን ፊቱን አገላብጡ። የብሩተስ የራሱ መልክ ነው። ቄሣር አደረገው ብለው የወቀሱትን እሱም አደረገው። ይህን የሚነግራችሁ ከሁለቱ ገጾች አንዱ ብቻውን አይደለም፤ መገናኘታቸው ነው።

ደረጃ 5፦ አንዱን ሙሉ እናንብብ

አሁን ለልምምድ የትራጃንን ዲናር እንውሰድ። በብዛት ይገኛል፤ ፎቶውም ሞልቷል።

ሚዛን፦ ከ3 ግራም ከፍ ይላል። ዲናር። ራስ፦ የሎረል ጉንጉን፣ ጢም የለውም፣ ፀጉሩ ወደ ግንባሩ የተበጠረ ጎልማሳ። ጽሕፈት፦ «ኢምፕ ትራያኖ አውግ ጌር ዳክ ፒ-ኤም ቲ-አር-ፒ»። ማዕረጎቹን አውጡ። «ትራያኖ» ቀረ። ጌር «ጀርመንን ያሸነፈ»፣ ዳክ «ዳክያን ያሸነፈ» ነው። ዳክያ የዛሬዋ ሩማንያ አካባቢ ናት። የዳክያን ማዕረግ ያገኘው በ102 መጨረሻ ነው፤ ስለዚህ ሳንቲሙ ከዚያ አይቀድምም።

ጀርባው፦ «ኮስ 5፣ ፒ-ፒ፣ ኤስ-ፒ-ኪው-አር፣ ኦፕቲሞ ፕሪንክ»። ቁጥሩ በሮማ አኃዝ ቪ ነው። አምስተኛ ቆንስልነቱ ከ103 እስከ 111 ነው። ዘመኑ ተገኘ። ኤስ-ፒ-ኪው-አር የሮማ ምክር ቤትና ሕዝብ ነው። ሥዕሉ በጋሻ ላይ ተቀምጦ የሚያዝን የዳክያ ሰው ነው።

አሁን አንድ ጥሩ ነገር አለ። ስሙ «ትራያኑስ» ሳይሆን «ትራያኖ» ነው ያለው። በላቲን ይህ መጨረሻ የእኛ «ለ» ነው። «ለትራጃን» ማለት ነው። «ኦፕቲሞ ፕሪንክ» ደግሞ «ከሁሉ ለሚበልጠው አለቃ»። ስለዚህ እዚህ ባለቤቱ ንጉሡ አይደለም። ባለቤቱ ሕዝቡና ምክር ቤቱ ናቸው፤ ንጉሡ ተቀባይ ነው። የሮማ ሕዝብ ይህን ከሁሉ ለሚበልጠው ንጉሡ ሰጠ እንጂ ንጉሡ ራሱን አመሰገነ አይልም። ያዘዘው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። አንዲት ፊደል የሳንቲሙን ፖለቲካ ቀየረችው።

ደረጃ 6፦ ተጠራጠሩ

ሳንቲሙ በእጅ በመዶሻ ስለሚመታ ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ቢያመልጥ፣ ጠርዙ ቢሰነጠቅ እውነተኛ ነው እንጂ ጉድለት አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ላዩ ላይ ጥቃቅን የአረፋ ጉድጓድ ካለ፣ ጠርዙን የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር ካለ፣ በቅርጽ ፈሶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሳንቲሞች እስከ ጭረታቸው ድረስ መንታ ከሆኑም ተዉት። ብሩ ተላጦ መዳብ ከታየ ግን ወዲያው አትጣሉት። በጥንት ጊዜም መዳብ በብር ለብጠው ያጭበረብሩ ነበር፤ እሱም የሁለት ሺህ ዓመት ታሪክ አለው።

አያቶቻችን ይህን ጥበብ ያውቁት ነበር። የማርትሬዛን ጠገራ ብር ሲቀበሉ በእቴጌይቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ ነበር። ቁጥሩ ካልሞላ አይቀበሉም። እናንተም እንዲሁ ቁጠሩ፤ የታወቀ ፎቶ አጠገቡ አስቀምጡና ነጥብ በነጥብ አመሳክሩ።

በሎሚ፣ በአመድ፣ በጥርስ ሳሙና አትፈትጉት። ጥቁረቱ የብር ዕድሜ ነው። አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ልትገዙ ካሰባችሁ ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ፤ ወረቀትም አስቀርቡ። ቅድም ያነሳነው የብሩተስ ሳንቲም በወርቅ የተመታም አለ፤ የሚታወቁት ጥቂት ናቸው። አንዱ በ2020 ለንደን ውስጥ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። በኋላ የታሪክ ወረቀቱ ሐሰት ሆኖ ተገኘና በ2023 ለግሪክ ተመለሰ። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በ1978 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ከመሬት የተገኘ ጥንታዊ ነገር የመንግሥት ነው፤ ያገኘ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

ደረጃ 7፦ እጃችሁ ሲለምድ ወደ አክሱም ኑ

የሮማ ዲናር የቀይ ባሕርን መንገድ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክ ነጋዴ ወደ አዱሊስ የሚገቡ ሸቀጦችን ሲዘረዝር፣ እዚያ ለሚቀመጡ የውጭ ሰዎች የሚሆን ጥቂት ዲናርም እንደሚመጣ ጽፏል። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደግሞ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አሳተመ።

ያንኑ ደረጃ ተከተሉ። መዝኑ። ራሱን እዩ፦ ጉንጉን ሳይሆን ከራሱ ጋር የተጣበቀ ሻሽ አስሯል። ጽሕፈቱን አንብቡ፦ በግሪክ ፊደል «ንጉሥ» እና «አክሱማዊ» ይላል። ከላይ ጨረቃና ክብ አለ፤ በወርቁ ላይ ከግራና ከቀኝ የእህል ዛላ ከቦታል። ከዚያ አገላብጡት። ሰላም፣ ድል፣ ምርኮኛ አትጠብቁ። በጀርባውም ያለው እንዱቢስ ራሱ ነው።